የቤንዚኑን ልክ ማን ይወስን?

በሞተር ሳይክል ኮምፒውተርና በኢንጀክተሩ መካከል ገብቶ የቤንዚኑን መጠን የሚለውጥ ሞጁል ይገጠም ወይስ አይገጠም? ሁለቱም ተሟጋቾች ኮሎራዶ ይኖራሉ፤ ሁለቱም ሞተር ይነዳሉ።

ይገጠም

በሐምሌ ሙቀት፣ በዴንቨር የትራፊክ ጭንቅንቅ ውስጥ፣ በአየር በሚቀዘቅዝ ትልቅ ሞተር ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ? የኋለኛው ሲሊንደር ጭን ይጠብሳል። ፋብሪካው የጭስ ሕጉን ለማለፍ ቤንዚኑን ይቆጥባል፤ የቁጠባውን ዋጋ የሚከፍለው ነጂው ነው። ሞጁሉ ተአምር አይሠራም። ኮምፒውተሩ የሚልከውን ትእዛዝ መንገድ ላይ ይቀበልና ኢንጀክተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ጥቂት ያረዝማል ወይም ያሳጥራል።

ጎረቤቴ ያገለገለ ሞተር ገዛ። የቀድሞው ባለቤት ማርሚታውን በሌላ ለውጦታል። በአንድ ፍጥነት ረጋ ብሎ ሲነዳ ሞተሩ ገፋ፣ ያዝ ያደርገዋል። አንድ ጋራዥ ሞጁል ገጠመለት፤ ጭራሽ ቀይ መብራት ላይ ይጠፋበት ጀመር። ቅዳሜ ከሰዓት መቀመጫውን አነሳን፣ ሰርባትዮውን ከፍ አደረግን። የማሳው ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ መታሰር ሲገባው ቀለም በተቀባ የሻንሲ ቡሎን ላይ ጠብቋል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሽቦው እሽግ በሰርባትዮውና በሻንሲው መሃል ተጨፍልቋል። ማሳውን ወደ ባትሪው መለስን፣ ሽቦውን አቃንተን አሰርን። ላፕቶፕ ስናገናኝ፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ሞጁሉ ጥቂት እንደተከፈተ ያነብባል፤ የተዘጋበትንና ጥግ ድረስ የተከፈተበትን ቦታ እንደገና አስያዝነው። በመጨረሻ ለአዲሱ ማርሚታ የሚስማማውን የቤንዚን ሰንጠረዥ ጫንን። ሚኒሞው ረጋ፤ መንገጫገጩም ለቀቀው። ያ ሰው ዛሬ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሶኬት ሁሉ ለይቶ ያውቃል። ሕይወቱን የተሸከመለትን ዕቃ ማወቅ መብቱ ብቻ አይደለም፣ ግዴታውም ነው ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ የካርቡራተሩን ቪቴ ጠምዘዝ ሲያደርግ ማን ወንጀለኛ ብሎት ያውቃል? ላፕቶፑ የዘመኑ ካቻቢቴ ነው።

አይገጠም

በቁጥር እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ሃርሊ ዴቪድሰን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማማ። ምክንያቱ የቤንዚን ልክ የሚለውጡ መሣሪያዎች ናቸው፤ እንደ መንግሥት ክስ ከ2008 ጀምሮ 340,000 ያህሉ ተሸጠዋል። ሽያጩ ቆመ፤ በነጋዴዎች እጅ የቀሩት ተመልሰው ተገዝተው እንዲወድሙ ተደረገ። ኩባንያው ጥፋቱን አላመነም፤ ለውድድር ሜዳ የተሠሩ ናቸው አለ። ሦስት መቶ አርባ ሺህ ተወዳዳሪ መሆኑ ነው!

በአሜሪካ ከ2010 ወዲህ የሚሠራ ትልቅ ሞተር የሚለቅቀው ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ተደምሮ ገደቡ በኪሎ ሜትር 0.8 ግራም ነው፤ ቀድሞ 1.4 ነበር። ገደቡን ለማክበር ካታሊስት ይገጠማል። ካታሊስት ሥራውን በሚገባ የሚሠራው የአየርና የቤንዚን ድብልቁ በ14.7 ለ 1 አካባቢ ሲሆን ነው። ለጉልበት ተብሎ ወደ 13 ለ 1 ሲወርድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚያቃጥል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ጭሱ እንዳለ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ይህን አይቶ እንዳያርም ብዙ ገጣሚዎች የኦክስጅን ሴንሰሩን ይነቅሉታል ወይም በሐሰተኛ ሶኬት ያታልሉታል። ዓይኑን አጥፍተው መንገድ ምራኝ እንደማለት ነው።

ስለ ካርቡራተሩ፦ ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፣ ስለዚህ ሰው ያስተካክለዋል። ኢንጀክተር ያለው ሞተር ግን ግፊቱን ለክቶ ራሱ ያስተካክላል። ንጽጽሩ አይሠራም።

ግድ ካላችሁ በካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ ተፈትሸው ፈቃድ ያገኙ አሉ። ዕቃው ላይ የፈቃድ ቁጥሩን ፈልጉ።

የመጀመሪያው ተሟጋች መልስ

እህቴ ያቺን የ‹‹ተወዳዳሪ›› ቀልድ ሲጽፉ ደስ ብሏቸው ይሆናል። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሁሉ ሰው ስለ ጭስ ግድ የሌለው ዱርዬ ነው? ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ የሚገባ ሰው ነው! ፋብሪካ ያለው ሁሉ ልክ፣ ባለቤቱ የነካው ሁሉ ብክለት ነው የሚሉ ከሆነ 2015ን ያስታውሱ፤ ቮልስዋገን በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ላይ ምርመራ የሚያታልል ሶፍትዌር ጭኖ ተገኘ። ያን የጫነው የእኔ ጎረቤት ነበር? ዋስትናችሁ ይሰረዛል የሚለው ማስፈራሪያም ይቅር። ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዋስትና ሕግ ጥፋቱ ከተጨመረው ዕቃ መምጣቱን ኩባንያው እንዲያሳይ ይጠይቃል። ቁጥር የሚደረድር ሰው አንድ ቀን ሰርባትዮ አንስቶ ይይ።

የሁለተኛዋ ተሟጋች መልስ

ሰርባትዮ አንስቼ አውቃለሁ፤ ወንድሜን ማን እንዳላነሳሁ እንደነገራቸው አላውቅም። ስለ ዋስትናም አንድ ቃል አልጻፍሁም። ቮልስዋገን በማታለሉ ከባድ ቅጣት ተቀጥቷል፤ የኔም ሐሳብ ይኸው ነው።

የጎረቤታቸውን ነገር ደግሜ አነበብሁት። የማሳው ሽቦ፣ የተጨፈለቀው እሽግ፣ የተዛባው የነዳጅ መስጫ ንባብ፤ ሦስቱም ከሞጁሉ ጋር የመጡ ናቸው። ሞጁሉ ከመግባቱ በፊት የነበረው ችግር አንድ ብቻ ነው፣ መንገጫገጩ። እሱም ሰው በለወጠው ማርሚታ ላይ የታየ ነው። የፋብሪካውን ማርሚታ መልሰው ሞክረው ነበር? ጽሑፋቸው ውስጥ የለም።