ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሞግዚት አይላኩበት!

የዛሬው ደብዳቤ ከፍቅር ጣጣ ወጣ ያለ ነው። ባሏ ስለከዳት፣ እጮኛው ስለኮበለለችበት የጻፋችሁልኝ ሁሉ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ታገሱኝ። ይሄኛው ቀጠሮ የሚሰጠው ሆኖ አላገኘሁትም።

ጸሐፊዋ የአራት ልጆች እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች አንዲት ከተማ ጉሊት ቸርችረው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሁለተኛው ልጅ በሦስት ዓመቱ ኩፍኝ ያዘውና ሁለቱንም ዓይኖቹን አጣ። ልጁ ግን ጎበዝ ነው፤ በብሬል ተምሮ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አለፈና ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። ደስ አይልም ታዲያ? ቤቱ ግን ደስታ ሳይሆን ጭቅጭቅ ገብቶበታል። እናትየው ታናሽ እህቱን፣ የ15 ዓመቷን የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከትምህርቷ አስወጥተው ከግቢው አጠገብ ቤት ሊከራዩላት ወስነዋል። ልብሱን እንድታጥብለት፣ ክፍል ድረስ እንድትመራው፣ እንድትጠብቀው። ልጁ «እሷ ከመጣች እኔ አልሄድም» ብሎ ይኸው ሁለት ሳምንት እናቱን አላናገረም። እሳቸውም «ዓይን የሌለውን ልጅ ሜዳ ላይ ልጣለው? እስቲ አንቺ ፍረጂን» ይሉኛል።

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ለአስራ ምናምን ዓመት እጁን ይዘው ያሳደጉትን ልጅ ድንገት ልቀቁት ሲባል ማን አይደነግጥም? ግን ፍረጂ ብለውኛልና ፈረድኩ። ልጅቷ ከትምህርቷ አትወጣም። አለቀ! አንዱን ልጅ ለማስተማር ሌላዋን መሃይም ማድረግ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? ደግሞስ በ15 ዓመቷ ማታ ማታ ብቻዋን ኪራይ ቤት የምታድረውን ልጅ ማን ሊጠብቃት ነው? ለእሱ የፈሩትን ያህል ለእሷ አልፈሩም እኮ።

ወደ ልጁ ልመለስ። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጥኩ ሰው ነኝና ስለ ግቢ ኑሮ ከኪሴ አላወራም። ስለዚህ ሕግ የተማረች፣ ዛሬ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትኖር ዓይነ ስውር ወዳጄን ጠየቅኳት። ሳቀች። «ስድስት ኪሎ ስገባ ትምህርቱ አልከበደኝም፣ ካልሲዬ ነው የከበደኝ» አለችኝ። ለካ ቤት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ካልሲዋን አጥባ አታውቅም። እናቷ ያጥባሉ፣ ያጣጥፋሉ፣ ያለብሷታል። ግቢ ገብታ በአንድ ወር ውስጥ የቆሸሸ ልብሷን ሻንጣ ሙሉ ይዛ እያለቀሰች ቁጭ! ብሬልን አሥር ዓመት ያስተማራት ነበር፤ ባልዲና ሳሙና ያስተማራት ግን አልነበረም።

እና እናቴ፣ እርስዎ አሁን የሚልኩለት ሰው ሳይሆን የሚያስተምሩት ነገር ነው ያለዎት። ጊዜውም አለ፤ ግቢ እስኪጠራ ድረስ ያሉትን ሳምንታት ይጠቀሙባቸው።

ከልብስ ይጀምሩ። ባልዲውን ያቅርቡለት፣ የሸሚዝ አንገትጌና ብብት በጣት ሲዳሰስ ቆሻሻው የት እንዳለ ይታወቃል፤ ሳሙናው ለቀቀ አልለቀቀ ደግሞ ውሃው መሟለጩን ሲተው ይነግረዋል። ካልሲዎቹ እንዳይለያዩበት ሲያወልቃቸው ጥንዶቹን በመርፌ ቁልፍ ያያይዛቸው፤ እንደተያያዙ ይታጠባሉ፣ እንደተያያዙ ይሰጣሉ። ጥቁሩንና ነጩን ሱሪ ለመለየት የጥቁሩ ወገብ ላይ በውስጥ በኩል አንዲት ቁልፍ ይስፉለት። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሻይ ሲቀዳ አመልካች ጣቱን ስኒው ጠርዝ ላይ ያድርግ፤ ሙቀቱ ጣቱ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ድምፁም እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማዋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለማመድ። አንድ ሁለቴ ጣቱን ይለበልበው ይሆናል። ይለብልበው! እኔና እርስዎስ ሳንቃጠል ነው ሻይ መቅዳት የተማርነው?

ገንዘብ ላይ ግን ቀልድ የለም። ወዳጄ የምታደርገው እንዲህ ነው። የአሥር ብሩን ሳታጥፍ ትይዛለች፣ ሃምሳውን አንዴ፣ መቶውን ሁለቴ ታጥፈዋለች፣ ሁለት መቶውን ደግሞ በቁመቱ። አንድ ጊዜ የምታምነው ሰው ይለይላታል፣ ከዚያ በኋላ ጣቷ ያውቀዋል። መልስ ስትቀበልም ባለሱቁን «ስንት ስንት ነው?» ብላ እዚያው እያጠፈች ነው የምትከተው። ስልክ የያዘ ልጅ ከሆነ ደግሞ የሚናገረውን መርጃ፣ ቶክባክ የሚሉትን፣ አብሮት ካለው ሰው ይልመድ። የቴሌብርም ሆነ የባንክ ምስጢር ቁጥሩን ግን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ራሱ ይንካ። «ጓደኛዬ ነው፣ ይንካልኝ» የሚባል ነገር የለም። ጓደኛ ይጣላል፣ ቁጥሩ ግን እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትዎ እንምጣ፤ መንገድ። የአገራችንን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ ያየንም እንወድቅበታለን። ለዚህ ነው ነጭ በትር ያስፈለገው። ብዙ ቤተሰብ በትሩን ያፍርበታል፣ «ለማኝ ይመስላል» ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ለማኝ የሚያስመስለው ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ መዋል ነው። በትሩ ሲቆም ደረቱ አጥንት ድረስ የሚደርስ ይሁን። ሲራመድ ግራ እግሩ ሲቀድም የበትሩ ጫፍ በቀኝ ይነካል፣ ቀኙ ሲቀድም በግራ፤ እንዲህ ሲሆን እግሩ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይፈተሻል። ይህን ከሚያውቅ ሰው ቢማረው ይመረጣል፤ ከእሱ ቀድመው የተማሩ ዓይነ ስውራን አያጡም፣ ይጠይቁ።

ግቢውን ለማስለመድ እርስዎ ራስዎ ሄደው ሁለት ሦስት ቀን ቢቀመጡ ማንም አይቃወምዎትም። ከመኝታ ክፍሉ ካፌ፣ ከካፌ ክፍል፣ ከክፍል ሽንት ቤት፣ ደጋግመው ይመላለሱ። እርምጃ ማስቆጠሩን ይተዉት፣ ሰው ሲቸኩልና ሲዝናና እርምጃው አንድ አይደለም። ይልቅ የማይንቀሳቀሰውን ነገር ይያዝ፤ ቁልቁለቱን፣ ጠጠሩ አልቆ ሲሚንቶ የሚጀምርበትን፣ የካፌውን ሽታ። ሲመሩትም ክንዱን አፈፍ አድርገው አይጎትቱት። እሱ ከክርንዎ በላይ ይያዝዎትና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይከተልዎት። ያኔ መውጣትና መውረድዎን ከሰውነትዎ ያነበዋል።

ለክፍል ጓደኞቹ እሱ ራሱ ይንገራቸው እንጂ እርስዎ አይለምኑለት። የሚነግራቸው ብዙ አይደለም። ዕቃዬን ካስቀመጥኩበት አታንሱ፣ በር ወይ ወለል ይበል ወይ ይዘጋ። ገርበብ ያለ በር ስንት ግንባር ፈንክቷል! ማዕድ ላይም «ሽሮው ከፊትህ፣ ጎመኑ በቀኝህ» ካሉት ይበቃል። በጉርሻ እያጨናነቁ ሕፃን ማድረግ አያስፈልግም። (ጉርሻ አትስጡት አላልኩም፣ ወግ ነው፤ ግን ለሌላው ስትሰጡ ነው ለእሱም።)

«ይሄ ሁሉ የሚችል ነው፣ የማይችለውስ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ስለ አንድ አሜሪካዊ ልንገራችሁ። ኤድ ሮበርትስ ይባላል። በ14 ዓመቱ ፖሊዮ መታውና ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ የሚተነፍሰውም «የብረት ሳንባ» በሚባል ትልቅ ማሽን እየታገዘ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ስፖርትና መኪና መንዳት አልተማርክም» ብሎ ዲፕሎማ ሊከለክለው ሲል እናቱ ዞና ሮበርትስ ተሟግታ አሰጠችው። እንደ እርስዎ ያለች እናት ናት! ግን የተሟገተችው እንዲሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ማሽኑን የሚችል ማደሪያ ስላልተገኘ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ተሰጠው። እንደሱ ያሉ ሌሎች ተማሪዎች ተከተሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1972 እነሱው ተሰባስበው በከተማዋ የገለልተኛ ኑሮ ማዕከል አቋቋሙ። ይህ ሰው ጉርሱን እንኳ ራሱ አይጎርስም ነበር። የሚረዱትን ሰዎች ግን ማን እንደሚሆኑ፣ መቼ እንደሚመጡ፣ ምን እንደሚሠሩ የሚያዘው እሱ ነበር። በኋላ ደግሞ፣ ቀድሞ «ሥራ ሊሠራ አይችልም» ያለውን የክፍለ ግዛቱን መሥሪያ ቤት እንዲመራ ተሾመ። ቀልድ አይመስልም?

ራስን መቻል ማለት እንግዲህ ሁሉን በገዛ እጅ መሥራት አይደለም። አንባቢ ያስፈልገው ይሆናል፤ መጽሐፉን ስልኩ ላይ የሚቀርጽለት ጓደኛ ይፈልግ ይሆናል። ፈልጎ የሚጠይቀው ግን እሱ ይሁን። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም 19ኛው አንቀጹ ላይ የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ ዕድል ለአካል ጉዳተኛው ይሰጣል። ልጅዎ «እሷ ከመጣች አልሄድም» ሲል ያመጸ መስሎዎት ይሆናል፤ የጠየቀው ይህንኑ ነው።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ እናትህን ማኩረፉን ተው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከምትዘጋቸው፣ ነገ ጠዋት ባልዲውን አንሳና ሸሚዝህን ፊታቸው እጠብ። ከዚያ ገበያ ብቻህን ሂድና ሽንኩርት ገዝተህ፣ መልሱን ቆጥረህ ተመለስ። እናቴ፣ እርስዎም ከኋላው ተደብቀው አይከተሉት፤ ይሰማዎታል ብዬ አልጠብቅም፣ ቢከተሉም እንኳ አይጥሩት።

ይህን አምድ ታናሽ እህቱ ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። እሷንም ይመለከታል፤ የ9ኛ ክፍል ደብተሯንም ከእሷ ዘንድ አድርጉላት።