ስለ አሮጌ የአትክልት ትራክተር ሞተር መለወጥ

በብዙ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ወይም ከዛፍ ሥር፤ ሣር የበቀለበት ትንሽ ትራክተር ቆሞ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ምን ሆነ ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፤ ሞተሩ አልቋል ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። አዲስ ትራክተር እንዲሰጥ ወረቀት ይጻፋል፤ አሮጌውም በዝናብና በፀሐይ ይበላሻል። እኔ ግን ለክቡራን ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች ለማስረዳት የምወደው፤ ሞተሩ ያለቀበት ትራክተር ሁሉ ያለቀ ትራክተር አለመሆኑን ነው። በሬ ባረጀ ጊዜ ሞፈሩና ቀንበሩ አብሮ አይቃጠልም፤ የዳዊቱ ድጉስ በተላጠ ጊዜም ብራናው ወደ እሳት አይጣልም።

የምንናገርለት መኪና ትልቁ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ሳይሆን፤ ገበሬው ከኋላ እየተከተለ በሁለት እጀታ የሚመራው፤ ለአትክልት ቦታና ለጠባብ ማሳ የሚሆነው ባለ ሁለት ጎማው ነው። ስለ በቆሎና ስለ ስንዴ የሚመራመረው ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት፤ በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ፤ በኬንያ፤ በታንዛንያና በዚምባብዌ የጀመረው ሥራ ይህንኑ ዐይነት መኪና ትንሹን ገበሬ ለማለማመድ ነበር። ከዚህ ወገን እጅግ ከተስፋፉት አንዱ በቻይና አገር የሚሠራው ዶንግፌንግ 12 ነው፤ ስሙም የምሥራቅ ነፋስ ማለት ነው። ሞተሩ ኤስ 195 ይባላል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው የናፍጣ ሞተር ሲሆን፤ የሲሊንደሩ ስፋት 95 ሚሊ ሜትር፤ የፒስተኑ ምልልስ 115 ሚሊ ሜትር ነው፤ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞርም 12 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህ ሞተር ከካምቢዮው ጋር አንድ አካል አይደለም፤ በብረት መደብ ላይ በቡሎን ታስሮ ጉልበቱን በጎማ ቀበቶ ወደ ፍሪሲዮኑ ያስተላልፋል። ስለዚህ አንዱ ሲሞት ሌላው አብሮ እንዲሞት የሚያስገድድ ነገር የለም።

በአሜሪካ አገርም ይኸው ታይቷል። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1961 ሞዴል ጀምሮ የሸጠው ካብ ካዴት የተባለ የአትክልት ትራክተር፤ ካምቢዮው ከታላቅ ወንድሙ ከፋርሞል ካብ የተወሰደ ስለ ነበረ፤ ሞተሩ ካለቀ በኋላ በሌላ ሞተር እየተተካ እስከ ዛሬ የሚሠራ አለ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንመለስ። ሞተር ከመለወጥ አስቀድሞ በእርግጥ ማለቁን መመርመር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ያለቀ የሚባለው የታመመ ብቻ ነውና። ምርመራውም ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። የማስነሻውን እጀታ ይዞ በቀስታ ማዞር ነው፤ ጤነኛ ሞተር አየሩን ሲያምቅ እጅን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ያለቀው ግን ያለ ተቃውሞ ይዞራል። ተቃውሞ የጠፋ እንደ ሆነ ከአንድ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት በሲሊንደሩ ውስጥ አግብቶ፤ ሳያስነሡ በእጅ ብቻ እንደ ገና ማዞር ነው። ያን ጊዜ ተቃውሞው ከተመለሰ ያለቀው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልተመለሰ ግን ጥፋቱ በቫልቩ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ ይህም ሞተር የሚያስለውጥ አይደለም። እጅን እየመለሰ የማይነሣ፤ ሲዞርም በጭስ መውጫው ምንም ጭስ የማያሳይ ከሆነ፤ ናፍጣው አልደረሰውም ማለት ነው፤ ይኸውም የፊልትሮ ወይም የቧንቧ ጉዳይ ነው።

ደጋ አገር የምትሾሙ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ግድም ይቀንስበታል። ስለዚህ በ2,800 ሜትር ግድም ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን 12 የተባለው የፈረስ ጉልበት ወደ 9 ይወርዳል፤ ናፍጣውም በሚገባ ስለማይቃጠል ጥቁር ጭስ ይታያል። ይህን አይቶ ሞተሩ አርጅቷል ብሎ የሚፈርድ ሰው አዲሱን ባመጣ ጊዜ ያንኑ ጭስ ያገኘዋል።

ፋሻውና ሲሊንደሩ ያለቀ ሆኖ ዋናው ዘንግ ደኅና ከሆነ፤ የኤስ 195 ሲሊንደር ተነቅሎ በአዲስ የሚተካ ስለ ሆነ፤ ሲሊንደር፤ ፒስተንና ፋሻ ብቻ ገዝቶ መለወጥ ይበቃል። የዘንጉ አንገት የተበላ፤ ወይም ገላው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን በጥገና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በሙሉ ይለወጥ።

በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና፤ ከለወጥን አይቀር ጉልበቱን እናብዛው የሚለው ሐሳብ ነው። ወንጌል በአሮጌ ልብስ ላይ ስለሚጣፍ አዲስ እራፊ የሚሰጠው ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል። የካምቢዮው ጥርሶች የተሠሩት ለ12 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እጥፍ ጉልበት የተጫነበት እንደ ሆነ አንድ ቀን ጠንካራ መሬት ላይ ይሰበራሉ፤ ያን ጊዜ ትራክተሩ በእውነት አለቀ። ደግሞም ርካሽ ስለ ሆነ የቤንዚን ሞተር የሚገጥሙ አሉ። ይህ ሞተር በደቂቃ ወደ 3,600 ዙር የሚዞር ስለ ሆነ መዘውሩን መለካት ይገባል፤ በ2,000 ዙር ሲሠራ የነበረው መዘውር 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፤ አዲሱ 100 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ አለዚያ መኪናው ከገበሬው ፊት ይሮጣል። መዘውሩ ባነሰ መጠንም ቀበቶው በትንሽ ክብ ላይ እየታጠፈ ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእኔ አሳብ ናፍጣውን በናፍጣ፤ ያውም በዚያው ዐይነት፤ መተካት ነው። የሚዞርበትም ወገን ይታይ፤ ዶንግፌንግ 12 ስድስት የፊትና ሁለት የኋላ ማርሽ አለው፤ ሞተሩ በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ ግን ስድስት የኋላ ማርሽ ያለው ትራክተር ይሆንላችኋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የተለወጠው ሞተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ መጀመሪያው ሲያልቅ ነው። የመጀመሪያውን የገደለው አቧራ ሁለተኛውንም ይገድለዋልና። በበጋ ደረቅ መሬት ሲቈፈር የሚነሣው አቧራ ባልታጠበ ፊልትሮ በኩል ገብቶ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። በፊልትሮው ሳሕን ያለው ዘይት ጭቃ እስኪሆን መጠበቅ የለበትም፤ ሥራ በበዛበት ወራት በየቀኑ ይታይ። የኤስ 195 ማቀዝቀዣ ውኃም እየተነነ የሚያልቅ ነው፤ ከፍታውን የሚያሳየው ምልክት ዝቅ ሲል ያልሞላ ሰው ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በስሙ ኀላፊ ይሁን፤ የሁሉ የሆነ መኪና የማንም አይደለምና።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት ልበል። አንድ ሞተር ይላክልን ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ መልሱ የማይሆን ሞተር ነው። የፈረስ ጉልበቱ፤ በደቂቃ የሚዞረው ዙር፤ የሚዞርበት ወገን፤ የዘንጉ ውፍረትና በመደቡ ላይ ያሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ርቀት በሚሊ ሜትር ተለክቶ፤ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍም ተገልብጦ ይላክ። ይህም በጥር ወይም በየካቲት ይሁን፤ በግንቦት የተጻፈ እንደ ሆነ ሞተሩ የሚደርሰው ከእርሻው ወራት በኋላ ነው። የወረደው አሮጌ ሞተርም በብረት ሻጭ እጅ አይግባ፤ ቴስታታው፤ የናፍጣው ፓምፕና መዘውሩ ለሌላው መለዋወጫ ስለሚሆኑ ግራሶ ተቀብተው፤ በመዝገብ ቁጥር ተጽፈው በመጋዘን ይቀመጡ።