የማን ወገብ ነው የሚያርፈው?



ወጣቶች ተሰብስበው «ኑሮዬን ያቀለለልኝ ዕቃ» የሚል ወሬ ሲጀምሩ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ ስማርት ሰዓት። ቂብላ የሚያሳየውና የሰላት ወቅት የሚያስታውሰው አፕ፣ በጣት ላይ ታስሮ ዚክር የሚቆጥረው ትንሽ መሣሪያ ሳይቀር ይጠቀሳል። እነዚህን አልነቅፍም፤ እኔም ሌሊት ለሱብሒ ስወጣ መንገዴን የማየው በስልኬ መብራት ነው። ግን ዝርዝሩን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሸክም የሚያቃልሉት ድሮም ቀለል ላለው ሰው ነው።

እዚህ አንበሳሜ ከዐሱር በኋላ ወደ ቦኖ የሚወስደውን መንገድ ቆም ብላችሁ እዩ። ቢጫ ጀሪካን በገመድ አስረው በጀርባቸው ያዘሉ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው የሚመላለሱት። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የተመላለሰች ልጅ 60 ኪሎ ተሸከመች ማለት ነው። ወረፋ የቆመችበት ሰዓት ከዚህ ውጭ ነው። እኔ ከመግሪብ በፊት ልጆች የማስቀራ ሰው ነኝ። አርፍደው የሚመጡት፣ መጥተውም ሙስሐፉ ላይ የሚያንቀላፉት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ናቸው። ሰነፎች አይደሉም፤ ደክሟቸው ነው።

ጀሪካኑን ግን አትናቁት። መጀመሪያ የጀርመን ጦር በ1930ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ነዳጅ እንዲያመላልስበት ከብረት የተሠራ ዕቃ ነው። ስሙን ያወጡለት እንግሊዞች ሲሆኑ፣ የጀርመንን ወታደር «ጀሪ» ብለው ይጠሩት ስለነበር ነው። ዛሬ እኛ ጋ የምግብ ዘይት ይዞ ይመጣና ዘይቱ ሲያልቅ ሁለተኛ ዕድሜውን በውሃ ይጀምራል። አይሰበርም፣ ቢቀደድ በጋለ ብረት ይደፈናል፣ ጎኑ ተበስቶ የእስክሪብቶ ቀፎ ከተሰካበት ደግሞ ቧንቧ ይሆናል። ከእንስራ ጋር ሲወዳደር ትልቅ እረፍት ነው። ይሁን እንጂ ጀሪካን ያሻሻለው ዕቃውን ነው፤ ጀርባው ያው ጀርባ ነው። ለጀርባ መፍትሔው የእጅ ጋሪ ነው። ሁለት ጎማና የብረት አልጋ ያለው፣ ሦስት አራት ጀሪካን በአንዴ የሚይዝ። ሦስቱን ምልልስ ወደ አንድ ያወርደዋል። የኔን ምርጫ ለጠየቀኝ የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክም አይፈልግም።

ወደ ታች ወደ ፎገራ ሜዳ ብንወርድ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። የርብና የጉማራን ውሃ ወደ ሽንኩርት ማሳ የሚስበውን ሞተር የማያውቅ የለም። ወጣቱ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ፣ ናፍጣ ቀድቶ፣ ረጅም ቱቦ ዘርግቶ ማሳውን ያጠግባል። ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን የሚጠጣው ውሃ በሚስቱ ጀርባ የመጣ ነው። «የወንዙ ውሃ አይጠጣም፣ ቦኖው ሩቅ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው። ሽንኩርቱ ግን ሞተር ያገኘው ሰው ስላሰበለት ነው። ለሽንኩርት ያሰበ ጭንቅላት ለቤቱ ጋሪ ማሰብ አያቅተውም።

በሩዙም ያየነው ይኸው ነው። ሩዝ ወደዚህ አካባቢ የገባው በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነው፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ እዚሁ ደራ ባለው በጅግናና ፎገራ ባለው በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተጀመረ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ውሃ ተኝቶበት ይቀር የነበረው ሜዳ እህል አበቀለ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራችን ሆኗል። ሩዝ ግን እንደ ጤፍ አይደለም፤ ቅርፊቱ መፈልፈል አለበት። መፈልፈያ ማሽን በሌለበት ይህ ሥራ የሙቀጫና የዘነዘና ነው፣ ዘነዘናውን የሚይዘው እጅ የማን እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ወረታ ላይ የተደረደሩት መፈልፈያዎች ለነጋዴው ትርፍ ናቸው፤ ለእናቶች ግን ክንዳቸውን መልሰው ያገኙበት ነው። ከዚያ በፊት የሞተር ወፍጮ መጥቶ ከድንጋይ ወፍጮና ከመጅ እንዳላቀቃቸው ማለት ነው።

ወፍጮ ካነሳን አይቀር፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የፋጢማን (ረ.ዐ) ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የእጅ ወፍጮው እጇን ጎድቷት ስለነበር አገልጋይ ለመጠየቅ ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ ስላላገኘቻቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራ ተመለሰች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ቤቷ ድረስ መጥተው ለእሷና ለዐሊይ (ረ.ዐ) ከመኝታ በፊት የሚባለውን ተስቢሕ፣ ተሕሚድና ተክቢር አስተማሩ። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለሴቶች «ታገሺ» ለማለት ነው። ዚክሩ ግን የተሰጠው ለሁለቱም ነበር። ደግሞ ስለ ወፍጮው መናገሯ እንደ ነውር አልተቆጠረባትም፤ እንዲያውም በሌሊት ተመጣላት። ዚክሩ ኃይል ይሰጣል፤ የሞተር ወፍጮ ደጃፉ ላይ እያለለት ሚስቱን ድንጋይ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን ማስረጃ አይሆነውም።

ሁለተኛው ምርጫዬ ምድጃ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አገራችን ውስጥ የተሠራው «ምርጥ ምድጃ» ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተቀርጾ በክፍል በክፍሉ የሚገጣጠም ነው። እሳቱን ምጣዱ ሥር ይዘጋዋል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭሱ ስለሚቀንስም እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ አይቀላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል የሚል ይኖራል፤ መብራት ሲኖር አዎ። መብራት በሌለበት ቀን ግን ያለ አማራጭ ወደ ጉልቻ መመለስ ነው።

ለወንዶችም አንድ ልጨምር፣ እንዳትቀየሙኝ። ኢብሪቅ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ያ በእኛ መለኪያ አንድ ሊትር የማይሞላ ነው። በትልቁ ሃይላንድ ግማሽ መሆኑ ነው። በኢብሪቅ የሚያደርግ ሰው መጠኑን በዓይኑ ያያል። ቧንቧውን ከፍቶ እያወራ እግሩን የሚያጥበው ወንድማችን ግን ስንት ኢብሪቅ እንዳፈሰሰ አያውቅም። መስጊድ ቧንቧ ላይ ያ ውሃ ነፃ ይመስላል፤ ቤት ውስጥ የሆነ ጊዜ ግን የአንዲት ልጅ ጀርባ ነው።

ኒካሕ ሲታሰር ከኢማሙ ጎን ስለምቀመጥ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ወርቅ አለ፣ ስልክ አለ፣ ልብስ አለ። ምድጃና ጋሪ በመህር ውስጥ ይግቡ እያልኩ አይደለም። መህር የሴቷ የግል ሐቅ ነው፣ እንደወደደች ታደርገዋለች፤ ለቤቱ የሚያስፈልገው ዕቃ ግን የባል የነፈቃ ጉዳይ ነው፣ በስጦታ ስም አይቀላቀልም። የምለው ለሙሽራው ጓደኞች ነው። ለአዳራሽ፣ ለመኪና ማስዋቢያ፣ ለቪዲዮ ቀራጭ ገንዘብ ስታዋጡ ከዚያው ላይ ቀንሳችሁ አንድ ጋሪና አንድ ምድጃ አስገቡለት። ቪዲዮው ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ጋሪው በየቀኑ ይወጣል።

«ጋሪ ስገፋ ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ወጣት እንዳለ አውቃለሁ፤ አንዳንዱ በግልጽ ነግሮኛል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሰላት ወቅት ሲደርስም ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ከእሳቸው የሚበልጥ ክብር ያለው ሰው ሰፈራችን ውስጥ ካለ ያሳየኝ።

ጋሪ የምትገዙ ደግሞ ጎማውን አይታችሁ ግዙ። ድፍን ፕላስቲክ ጎማ ያለው ርካሽ ነው፣ ግን በእኛ ኮብልስቶንና ጭቃ ላይ ብዙ አይቆይም። በነፋስ የሚሞላውን ምረጡ፤ ቢፈነዳ የባጃጅ ጎማ የሚጠግነው ልጅ ይጠግነዋል። ጀሪካኖቹን ከታች በገመድ እሰሩ፣ ዳገቱ ላይ ይንሸራተታሉ።

ወላሁ አዕለም።