የሕፃኑ ግድግዳ የማን ነው?

በሕፃን መኝታ ራስጌ የሚሳል ሥዕል ተራ የቤት ማሳመሪያ አይደለም፤ የመጀመሪያው የኪነጥበብ ትምህርቱ ነው። ጠዋት ሲነቃ፣ ማታ ሲተኛ ያየዋልና። ይህ ትምህርት በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ለማን ተሰጥቷል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያኮራ አይደለም። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ በመዋዕለ ሕፃናቱ ግንብም ሆነ አቅም ባላቸው ወላጆች ቤት በልጆች ክፍል፣ ብሩሹ የሚታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ ፊልም ለታየው ለሚኪ ማውስና ለቢጤዎቹ ነው።

ጥፋቱ የሥዕሉ ከባሕር ማዶ መምጣት አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ የባለቀለም መስተዋትን ሙያ ከአውሮፓ ቀስሞ በአፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካን ሐሳብ ገልጾበታል። ጥፋቱ ግልበጣው ነው። ገልባጩ አያስብም፤ ሕፃኑ አይጠየቅም፤ እናትም ከቆየ ሙያዋ ትገለላለች።

በምዕራብ ሸዋ የጭቃ ቤት ግድግዳ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነበር። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ከተመረገ በኋላ በእበትና በአመድ፣ በቀይና በነጭ አፈር ይለቀለቃል። ይህ ሙያ ምን ያህል ሊራቀቅ እንደሚችል ግድግዳቸው በቅርጽና በቀለም የተዋበው የሃላባ ቤቶች ይመሰክራሉ። ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ እንኳ ለብዙ ልጅ የፊደል መቁጠሪያ ሆኗል። ብሎኬቱ ሲመጣ ግን ብሩሹ ከእናት እጅ ወጥቶ ለማስታወቂያ ሠዓሊው ተሰጠ። እርሱ የታዘዘውን ሠርቷልና አይወቀስም፤ ተወቃሹ አዛዡ ነው።

«ልጆች የሚወዱት ይህንኑ ነው» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ልጅ የሚወደው ያሳዩትን ነው። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ተረት ሲነግሩ የልጆች ጆሮ ከእርሳቸው አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅትም ቀጭኔዋ ፀሐይ በአማርኛ ተናግራ ተወዳለች። «የሚስል ባለሙያ የለም» ማለትም አያስኬድም፤ አለ ፈለገሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊያንን ሲያፈራ ኖሯል።

ስለዚህ መደረግ የሚገባው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት መምህሩ ለሕፃናቱ ጠመኔ ይስጥ፤ የሳሉትም ጎልቶ ወደ ግድግዳው ይዛወር። ሁለተኛ፣ በጊንጪ አቅራቢያ ያለው የጭሊሞ ደን ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ፣ የደንዲ ሐይቅ፣ የአምቦ ጋሪና ፈረሱ በግድግዳው ላይ ቦታቸውን ያግኙ። ሦስተኛ፣ ከግድግዳው በሕፃኑ ቁመት ልክ ያለው ክፍል በየዓመቱ ኖራ እየተቀባ ለራሱ ለሕፃኑ እጅ ይተው። አራተኛ፣ ቀለሙ ይመርመር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። የተላጠ ቀለም ወደ አፉ የሚያስገባው ሕፃኑ ነውና ይህ ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. ፀጋዬ ገብረ መድኅንን ያበቀለ የአምቦ ምድር ለልጆቹ የሚያሳየው ምስል አጣ ቢባል ማን ያምናል? ምስሉ አልጠፋም። የጠፋው ጠያቂ ነው። ጠያቂውም ከመምህሩ፣ ከሠዓሊውና ከባህል ሠራተኛው መካከል መነሳት ይኖርበታል።