ከመንጃ ፈቃዱ ፍሪሲዮኑ ይቅደም



ከጥቂት ጊዜ ወዲህ መኪና ለመማር የሚነሡ ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ አንድ ክርክር ይሰማል። ይኸውም «ፍሪሲዮን መርገጥና ማርሽ መቀየር ምን ያደርጋል? ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው» የሚል ነው። ክርክሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ እነዚህ ደግሞ ፍሪሲዮን የላቸውም። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ ማርሽ መማር ቀርቷል» ማለት ስሕተት ነው እላለሁ። ምክንያቴም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ አዲስ አይገባም ማለት ያለው ሁሉ ቆመ ማለት አይደለም። ዛሬም ከመርካቶ ጭነት የሚያወጣው አይሱዙ፣ ከሰፈራችን ጫፍ ሰው የሚጭነው ሚኒባስ፣ በጥገና ዕድሜው የረዘመው አሮጌ ኮሮላ አብዛኛው ባለ ፍሪሲዮን ነው። በእኛ አገር አንድ መኪና ሠላሳ አርባ ዓመት ይሠራል፤ የድሮዎቹ ቮልስዋገኖች እንኳ ዛሬም ሲሄዱ ይታያሉ። ታዲያ በመንጃ ፈቃዱ እንጀራ ሊበላ ያሰበ ወጣት ማርሽ የማያውቅ ከሆነ ቁልፉን ማን ይሰጠዋል? ወደ ውጭ ቢሄድም ነገሩ ይከተለዋል። በእንግሊዝም ሆነ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ አውቶማቲክ ብቻ የሚያስነዳ ነው፤ በማኑዋል ያለፈው ግን ሁለቱንም ይነዳል።

ሁለተኛ፤ ፍሪሲዮን በጉልበት ሳይሆን በማስተዋል የሚለመድ ነገር ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ያለማቋረጥ ይዞራል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ግን ጎማው አይዞርም። የሚዞረውንና የቆመውን ባንዴ ማጋጠም ስለማይቻል በመካከላቸው ሸራ የለበሰ ዲስክ ተቀምጧል። ፔዳሉ ሲረገጥ ዲስኩ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ሲለቀቅ ደግሞ እየተፋተገ ይይዝና ኃይሉን በካምቢዮው በኩል ለጎማው ያደርሳል። ለማጁ እግሩን ባንዴ ካነሣ መኪናው ይዘልና ሞተሩ ይጠፋል። በዝግታ ከለቀቀ ግን የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ይሰማዋል፤ «ያዘ» የሚባለው ያ ቦታ ነው። ይህን በጆሮውና በእግሩ ያወቀ ሰው የትምህርቱን ግማሽ ጨረሰ ማለት ይቻላል። በአንጻሩ መኪናው ከተንቀሳቀሰም በኋላ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚሄድ ሹፌር ሸራውንም ኩሽኔታውንም ይጨርሳል። ካምቢዮ አውርዶ ሸራ ማስቀየር ምን ያህል ኪስ እንደሚያራግፍ ባለመኪኖቻችን ያውቁታል።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ዳገት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ነዳጅ ትንሽ እየተሰጠ ፍሪሲዮኑ በዝግታ ይለቀቃል፤ የሞተሩ ድምፅ ወርዶ የመኪናው አፍንጫ ቀና ሲል የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ይህን ያልለመደ ነጂ ከኋላው ጡሩምባ ሲነፋበት ይደነግጣል፤ ከፍሬን ወደ ነዳጅ እግሩን ሲያዛውር መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የእኛ መንገድ ደግሞ ዳገት ነው፤ የእግረኛ መንገድም የለውም። ጧትና ማታ ከመኪናው ኋላ የሚሄዱት የትምህርት ቤት ልጆቻችን ናቸው።

ቁልቁለትም እንደዚሁ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ እወርዳለሁ ያለ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የነባር ሹፌሮች ደንብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ፎሌ አድርጎ መውረድ ደግሞ አደጋም ኪሳራም ነው። በእንጀክሽን የሚሠራ ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ይዘጋል፤ ፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ይወስዳል።

ጉድለቱ የት ነው ቢባል፣ በበኩሌ በወጣቶቹ ላይ ብቻ አላሳብብም። ብዙውን ጊዜ ልምምዱ በደልዳላ ሜዳ በተተከሉ ዘንጎች መካከል መግባትና መውጣት ሆኖ ይቀራል። ወላጅም ልጁን «ዳገት ላይ ቆመህ ትነሣለህ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ለመሆኑ ገንዘብ የምንከፍለው ለወረቀቱ ነው ወይስ ለሙያው?

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተሉትን ቢመክርባቸው መልካም ይመስለኛል።

1. ልጅ የምናስተምር ወላጆች፣ ዳገት ላይ መነሣትና በማርሽ መውረድ በሥልጠናው ውስጥ በቂ ጊዜ እንዲሰጠው አሠልጣኙን እንጠይቅ። ሳይለምድ ለፈተና አናጣድፈው።

2. ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ሰዓት ለማጅ መኪና በሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ እንዳይገባ እናስጠንቅቅ።

3. መኪና የምንነዳ ሁሉ ከለማጅ ኋላ ዳገት ላይ ስንቆም ቢያንስ የሁለት መኪና ርቀት እንተው፤ ጡሩምባም አንንፋ። ጡሩምባ ለማጅን ያስደነግጣል እንጂ ዳገት አያወጣም።

4. በሰፈራችን በከባድ መኪና ዕድሜያቸውን የጨረሱ አባቶች አሉ። ፈቃዳቸው ከሆነ ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ፣ ሞተሩ በጠፋና በቆመ መኪና ላይ የፔዳሉንና የማርሹን ነገር ለወጣቶቹ ያስረዱ። ይህ ወጪ የለውም።

የኤሌክትሪክ መኪናን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ፤ ጭስ የሌለው መኪና ለሰፈራችንም ይበጃል። ነገር ግን እሱ ሁሉንም እስኪተካ ድረስ በዚህ ዳገት የሚወጣው ባለ ፍሪሲዮኑ ነውና በእጁ የሚይዘው ሰው የሚያውቀው ይሁን። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ልጆቻችንም ፈቃዱን ኪሳቸው ከመክተታቸው በፊት ፍሪሲዮኑን እግራቸው ይወቀው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ