እሑድ የተከፈተ መንገድ ሰኞ አይዘጋ

ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በዚያን ዕለት በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አንዳንድ ዋና ጎዳናዎች ለአውቶሞቢል ተዘግተው ለእግረኛ፤ ለብስክሌተኛና ኳስ ለሚጫወቱ ሕፃናት ተለቀቁ። ሐሳቡም «መንገድ ለሰው» ተባለ። መልካምነቱን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እሑድ የሰው የሆነው መንገድ ሰኞ የማን ነው?

የከተማችንን ጉዞ ያጠኑ ሰዎች እንደሚገልጹት በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው፤ ከቀረውም የሚበዛው በአውቶቡስና በታክሲ ነው። በግል አውቶሞቢል የሚጓዘው ጥቂቱ ነው። እንግዲህ ሰፊው አስፋልት የጥቂቶች፤ ጢሱና አደጋው ግን የብዙዎች ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ይህን ለማረም የተጀመረ ሥራ መኖሩ አይካድም። በ2008 ዓ.ም. ከአያት በመገናኛ አልፎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ ባለው ጎዳና ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠራ። ዳሩ ግን የብስክሌቱ መስመር የአውቶሞቢል ማቆሚያ፤ የእግረኛው መንገድም የአሸዋና የጠጠር መከመሪያ እንዲሆን ዝም ካልን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ትምህርቱን ጨርሶ ደመወዝ መብላት የጀመረ ወጣት የመጀመሪያ ምኞቱ ምንድን ነው? አውቶሞቢል አይደለምን? በእግር መሄድ የማጣት ምልክት፤ በብስክሌት ወደ ቢሮ መምጣትም ለሹም የማይገባ ነገር ተደርጎ ይታያል። ከተማችንን ያጨናነቃት የመንገድ ጥበት ብቻ ሳይሆን ይህ አስተሳሰባችን ጭምር ነው።

አንዳንዶች «ዓለምን ያሞቀው የባለፋብሪካዎቹ አገሮች ጢስ ነው፤ የእኛ ከምን ይቈጠራል?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የእኛ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ሆኖም የመገናኛው ጢስ በመጀመሪያ የሚገባው በዚያው ታክሲ በሚጠብቀው ተማሪ ሳንባ ውስጥ ነው። ሌሎች ደግሞ «የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መጥቷል፤ ችግሩ አለቀ» ይላሉ። በእርግጥ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ፤ ኤሌክትሪካችንም ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ አውቶቡስ የሚጭነው ሕዝብ እያንዳንዱ በየራሱ አውቶሞቢል ቢወጣ፤ ጢስ ባይኖርም መንገዱ ከመዘጋት አይድንም።

ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እንደ አዲስ አበባ ደጋ ናት። በ1967 ዓ.ም. አንዳንድ ጎዳናዎቿን ለብስክሌተኛ መክፈት ጀመረች፤ ዛሬ በየእሑዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለሕዝቧ ትለቃለች። ልማዱ ሊጸና የቻለው የከተማው ሕዝብ የራሱ ስላደረገው ነው።

ሕፃን ያዘለች እናት፤ ሽማግሌና አካል ጉዳተኛ በእግራችሁ ሂዱ አይባሉም። አውቶቡሱ ሳይበረክትም ሰውን ከአውቶሞቢሉ ውረድ ማለት ፍርድ አይሆንም። የምንናገረው ለመምረጥ ለሚችለው ወጣት ነው። ሥራው ቅርብ የሆነ በእግሩ ወይም በብስክሌት ይሂድ። በገርጂ፤ በሰሚትና በሲኤምሲ ያሉ እድሮች በየሰፈራቸው የእግረኛው መንገድ እንዳይዘጋ ቢመክሩ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በቡድን እየሆኑ በእግር ወደ ትምህርት ቤት ቢያደርሱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ወጣት ሹማምንትም አደራ አለባችሁ። የመንገድን ፕላን የሚመረምር ባለሥልጣን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን በዚያው መንገድ በእግሩ ይሂድ። መብራት የጠፋበትን፤ መሸጋገሪያ የሌለበትን፤ ሴት ልጅ በምሽት የምትፈራበትን ስፍራ ያን ጊዜ ያየዋል፤ ካየውም በኋላ አላወቅሁም ለማለት አይችልም። ነገ ሰኞ ነው፤ መጀመሪያው ከነገ ይሁን።