ቀዳዳው ታይፕ ሲ ነው፤ ውስጡስ?

ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ላፕቶፔ ታይፕ ሲ የለውም። ሸጬው አዲስ ልግዛ?»

በዚህ ምክንያት ብቻ ከሆነ አትሽጡ።

ታይፕ ሲ የመሰኪያው ቅርጽ ስም ነው እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። አንዱ በሰከንድ 40 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ ላፕቶፑን ቻርጅ ያደርጋል፣ ምስል ወደ ሌላ ስክሪን ያወጣል። ሌላው ቁርጥ እሱን መስሎ ዳታ ብቻ ያሳልፋል፤ ያውም በ5 ጊጋቢት። ይሄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዩኤስቢ 3.0 ፍጥነት ነው። «አሮጌ» የምትሉት ላፕቶፕ ጎን ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት ሰማያዊ ቀዳዳ ማለት ነው! ስልክ ላይማ ይብሳል። አይፎን 15 ታይፕ ሲ ይዞ መጣ ተብሎ ያ ሁሉ ሲወራ፣ መደበኛው ሞዴል ዳታ የሚያስተላልፈው በዩኤስቢ 2 ፍጥነት፣ በ480 ሜጋቢት ነው።

ሻጭ ግን «ታይፕ ሲ ነው እኮ» ብሎ ዋጋ ይጨምራል። የእናንተን ሊገዛ ሲመጣ ደግሞ «ይሄማ ታይፕ ሲ የለውም» ብሎ ያወርድባችኋል። በሁለቱም በኩል የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ለመሆኑ ላፕቶፑ የተንቀራፈፈው በምንድነው? አብዛኛውን ጊዜ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን አውጥታችሁ ኤስኤስዲ አስገቡበት፣ ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ 8 አድርጉት፤ ለኦፊስ፣ ለጥናት፣ ኮድ ለመጻፍ ሌላ ማሽን ይሆንላችኋል። ብዙዎቹ አሮጌዎች በብሎን ተከፍተው ይሄን ይቀበላሉ። ከአዲሶቹ ቀጫጭኖች ብዙዎቹ ግን ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። 8 ገዝታችሁ በ8 ትቀራላችሁ።

ታይፕ ሲ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት አገር ላፕቶፕን በፓወር ባንክ ቻርጅ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም (ሁለቱም ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለውን የሚችሉ ከሆነ)። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰውም ፈጣኑ ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ አዳዲስ ላፕቶፖች በታይፕ ሲ ቻርጅ እንዲደረጉ ደንግጓል። ሕጉ ግን እጃችሁ ላይ ያለውን አይነካም።

በእኔ እምነት መሸጥ እንድታስቡ የሚያደርግ ምክንያት ካለ ፕሮሰሰሩ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። 5ኛ ወይም 6ኛ የያዛችሁ ወይ ሊኑክስ ጫኑ፣ ወይ ሽጡት። ስትሸጡ ፋይል ዲሊት ማድረግ አይበቃም፤ ዲስኩን በደንብ አስጠርጉ።

ስትገዙም ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የታይፕ ሲ ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱና እያንዳንዱን ቀዳዳ ሞክሩ። «ቻርጅ ያደርጋል፣ እመኑኝ» ካላችሁ፣ «እሺ፣ ሰክተህ አሳየን» በሉት።